ከፋውስት ከተማ እስከ ትንሹ ጄት

አንባቢ ሆይ፥ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ከፍራይቡርግ ተነሥተህ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ባቡር ብትይዝ፥ ባድ ክሮትሲንገን ላይ ወርደህ ወደ ሙንስተርታል ሸለቆ የሚገባውን ትንሽ ባቡር ትለውጣለህ። ጥቂት ደቂቃ እንደ ሄድህ ወይን የለበሰ ኮረብታ፥ በአናቱም ላይ የፈረሰ ግንብ ይታይሃል። ከሥሩ ያለችው ከተማ ሽታውፈን ናት።

በከተማይቱ መካከል «አንበሳ» የሚባል የቆየ የእንግዳ ማረፊያ አለ። ፋውስት የተባለው አስማተኛ በ1540 ገደማ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ያዝልኝ) ለአገሩ መስፍን ወርቅ እሠራለሁ ሲል በዚህ ቤት እንደ ሞተ ይተረካል። አንዳንዱ ዲያብሎስ አንገቱን ሰበረው ይላል፤ ሌላው የቀላቀለው ነገር ፈነዳበት ይላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ።

እግረ መንገድህን የቤቶቹን ግድግዳ ልብ ብለህ ተመልከት። በ2007 ማዘጋጃ ቤቱን በመሬት ሙቀት ለማሞቅ ሲባል እስከ 140 ሜትር የሚጠልቁ ሰባት ጕድጓዶች ተቈፈሩ። ውሃ ከሥር ካለው አንሃይድሪት ከሚባል ድንጋይ ጋር ተገናኘ፤ ድንጋዩ ወደ ጂፕስ ተለውጦ አበጠ፤ መሬቱም መጀመሪያ ላይ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይል ጀመር። ከ250 በላይ ቤቶች ተሰነጠቁ። የቈፈሩት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ከሥር ያለውን አላዩም እንጂ።

አሁን በወይኑ መካከል ወደ ጎረቤቷ መንደር ወደ ባልሬሽተን ዶቲንገን እለፍ። ጄትካት የሚባለው ኩባንያ ትንንሽ የጄት ሞተሮች የሚሠራው በዚህች መንደር ነው። ስዊሳዊው ኢቭ ሮሲ መስከረም 26 ቀን 2008 ክንፍ በጀርባው አስሮ ከካሌ ወደ ዶቨር ባሕሩን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲሻገር የገፉት አራት ሞተሮች የጄትካት ሥራ ነበሩ። ነገር ግን እነዚህን ሞተሮች በራዲዮ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን በጋራዡ የሚሠራ ሰውም ይገዛቸዋል።

የመጀመሪያው ባለተርባይን ሞዴል በ1983 በእንግሊዝ አገር በፕሮፔን ጋዝ በረረ። ከዚያ በኋላ ኩርት ሽሬክሊንግ የተባለ ጀርመናዊ በቤት መሣሪያ ሞተር ሠራ፤ አየር የሚያምቀውን መንኰራኩር ከምን ሠራው ብትል፥ በካርቦን ክር ከተጠመጠመ ኮምፔንሳቶ! ሌላውም ሰው ይሞክረው ዘንድ መጽሐፍ ጻፈበት። ያለ እርሱ ድፍረት ይህ ሥራ የጥቂት ባለ ፋብሪካዎች ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ ሞተሩ ተሠርቶ ይገዛል፤ ዋጋው ሁለት ሺህ ዩሮ ገደማና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ ለወር ደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። አሥር ኪሎ ያህል የሚገፋው ዓይነት ወርዱ አሥር ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፥ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ብዙ የማይበልጥ ነው። ዘንጉ ግን በደቂቃ ከ150,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። የሚያቃጥለው ላምባ ነው፤ በላምባው ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ዘይት ይቀላቀላል፥ ይህም ኩሽኔታዎቹን ያለሰልሳል። በሙሉ ኃይሉ አንድ ሊትር በሦስት ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል።

ገላውን መሥራት የክረምት ሥራ ነው፤ ባልሳ፥ ኮምፔንሳቶ፥ ፋይበር ግላስና ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሞተሩ እስከ ጅራቱ የጋለውን ጋዝ የሚያወጣ ቧንቧ ይዘረጋል። ሠሪው ከሁሉ ይበልጥ የሚፈራው ትንሹን ነገር ነው። በውስጥ የተረሳች አንዲት ብሎን በአየሩ ተስባ ከገባች መንኰራኩሩን ታደቀዋለች። በነዳጁ መስመር የገባች የአየር አረፋም እሳቱን ታጠፋዋለች፤ ስለዚህ ከዋናው ታንክ በኋላ አረፋ የምታስቀር ሌላ ትንሽ ታንክ ትጨመራለች። ባትሪዎቹም ሚዛኑ እስኪገጥም ወደ አፍንጫው ወደ ኋላ ይገፋሉ።

የበረራው ቀን ሲደርስ አንድ ሰው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ከጐን ይቆማል፤ ዱቄቱ ሞተሩን ስለሚያበላሽ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ይመረጣል። የራዲዮው ትእዛዝ ቢቋረጥ ነዳጁ በራሱ እንዲዘጋ አስቀድሞ ይዘጋጃል። መነሣቱ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ጭንቁ ማረፉ ነው። የጄት ሞተር ከዝቅተኛ ዙር ወደ ሙሉ ኃይሉ ለመድረስ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋልና፥ ፍጥነቱ እንዳነሰ ዘግይቶ ያየ ሰው ነዳጅ ቢሰጥም መልሱ አይደርስለትም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሞዴል በአራት ሰከንድ 110 ሜትር ያልፋል። የሁለት ክረምት ሥራ በዚያች ርቀት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በዚያ ሰዓት የባለቤቱን ፊት እንጂ አውሮፕላኑን አትመልከት።

ጐማዎቹ መሬት ነክተው ፍሬኑ ከያዘ በኋላም ማንም ቶሎ አይነካውም። እሳቱ ጠፍቶ ሳለ የማስነሻው ትንሽ ሞተር ዘንጉን ማዞሩን ይቀጥላል፤ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ድረስ ቀዝቃዛ አየር በሆዱ ያሳልፋል። ባለ እሳት ማጥፊያውም እስከዚያ ከቦታው አይንቀሳቀስም።