ዘጠና ስድስት ጉድጓድ

በስደት አገር እንጀራዬን የማገኝበት ዕቃ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ የፕላስቲክ ገበታ ነው። በቤተ ሙከራ ቋንቋ ፕሌት ይባላል፤ ስምንት ረድፍ በአሥራ ሁለት ዓምድ፣ በጠቅላላው 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት። ገበጣ ሲጫወቱ እያየ ያደገ ሰው ዘመድ ያገኘ ያህል ይሰማዋል። የሀንጋሪው ተመራማሪ ጁላ ታካቺ እ.ኤ.አ. በ1951 ፕላስቲክ እየፈለፈለ የጀመረው ይህ ዕቃ ዛሬ በገፍ ተመርቶ አንድ ጊዜ ካገለገለ በኋላ ይጣላል። የሚጣል ዕቃ ግን የሚናቅ ዕቃ አይደለም።

ሥራው ከምርጫ ይጀምራል። ወለል ላይ የሚጣበቁ ሕዋሳትን በአጉሊ መነጽር ለማየት ጠፍጣፋው ፕሌት ይመረጣል። ተንሳፋፊዎቹ ሊምፎሳይቶች ተቀራርበው እንዲነካኩና እንዲባዙ ሲፈለግ ደግሞ ወለሉ እንደ ጽዋ የጎበጠው ይሻላል፤ ሕዋሳቱ ወደ መካከል ተንሸራተው ይሰበሰባሉና። እኔ አዘውትሬ የምሠራበት ግን ወለሉ ስስ ነጭ ሜምብሬን የሆነው ነው።

ኤሊስፖት የሚባለው ይህ ዘዴ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሜምብሬኑ አስቀድሞ አንቲቦዲ ይቀባል። የበሽታ መከላከያው ሕዋስ በላዩ አርፎ የሚያውቀውን ጠላት ሲያገኝ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን ፕሮቲን ያመነጫል፤ አንቲቦዲውም እዚያው በፈሰሰበት ይይዘዋል። ሕዋሱ ታጥቦ ከሄደ በኋላ ቀለም ሲጨመር የተቀመጠበት ስፍራ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አንድ ነጥብ የአንድ ሕዋስ አሻራ ነው።

አሻራ ግን በቀላሉ ይበላሻል። ሜምብሬኑን ራሳችን ስንቀባ ውኃ የማይቀበለውን ጠባዩን በጥቂት አልኮል እናለዝባለን፤ ይህም ከአንድ ደቂቃ ሳያልፍ በሚገባ መታጠብ አለበት። ከዚያ በኋላ አንቲቦዲው ተይዞ ሕዋሳቱ እስኪታጠቡ ድረስ ሊደርቅ አይገባም። የፒፔቱ ጫፍ ወለሉን ከነካ ይበሳዋል። ሕዋሳቱ በ37 ዲግሪ ሙቀት ሲያድሩ ፕሌቶቹን መደራረብ ሙቀቱን ያዛባል፤ ማንቀሳቀስ ደግሞ ነጥቡን ጅራት ያስበቅለዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰ አይለቀምም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በሰውነቱ ተሸሽጎ እንደሆነ የሚመረመር ስደተኛ እናስብ። ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን ቢ.ሲ.ጂ. ተከትበናል፤ ስለዚህ በክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ ያልታመመውን እንኳ ሊያሳብጥ ይችላል። በኤሊስፖት የሚሠራው የደም ምርመራ በክትባቱ ውስጥ በማይገኙ ሁለት ፕሮቲኖች ስለሚጠይቅ ይህን ስሕተት ያስወግዳል። ለአንድ ሰው አራት ጉድጓድ ይመደባል፤ በእያንዳንዱም 250,000 ሕዋሳት ይገባሉ። አንደኛው ምንም የማይጨመርበት ነው። ሁለቱ ጥያቄው የሚቀርብባቸው ናቸው። አራተኛው ሕዋሳቱ በሕይወት መኖራቸውንና መመለስ መቻላቸውን ያረጋግጣል። በአሜሪካ መመዘኛ ከጥያቄ ጉድጓዶቹ አንዱ ከባዶው ጉድጓድ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ከበለጠ ውጤቱ አዎንታዊ ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ከሆነ ድንበር ላይ ነውና ምርመራው ይደገማል። የሰውየው የወራት መድኃኒት በነዚህ ጥቂት ነጥቦች ይወሰናል።

ሐሳቤን ሁልጊዜ የሚይዘው ግን ነጥብ ያለበት ሳይሆን ነጭ ሆኖ የቀረው ጉድጓድ ነው። ነጭነቱ ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ሕዋሳቱ ጠላቱን አያውቁትም፣ ወይ ወለሉ የተናገሩትን አልያዘም። አራተኛው ጉድጓድ ስለ ሕዋሳቱና ስለ ቀለሙ ይመሰክራል፤ ስለ ጎረቤቱ ሜምብሬን መበሳት ግን ሊመሰክር አይችልም። ለዚያ ያለው ምስክር ፒፔቱን የያዘው እጅ ብቻ ነው። መርማሪው መሣሪያ ነጥብ ይቆጥራል፤ እጅ እንዴት እንደ ወረደ አይቆጥርም። ሐኪሙም ታማሚውም የሚያዩት ወረቀቱን ነው። «የለም» የሚለው ቃል በዚያ ወረቀት ላይ እውነት የሚሆነው፣ ማንም ሳያየው ጫፉን ከወለሉ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ስላለ ነው።