ጉልበት መሳምና እጅ መያዝ

ሽማግሌን ማክበር በአገራችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ ጉልበት ስመን ምርቃት እንቀበላለን። ዳሩ ግን አክብሮታችን ከዚህ ካላለፈ ለሽማግሌው ምን ይጠቅመዋል? ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ የገዛ ጥፋቴ ነውና ለወጣት አንባቢዬ ሳልደብቅ እነግረዋለሁ።

ፍኖተ ሰላም ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ በቡሬ ገጠር ወዳለው ወደ አያቴ ቤት እሄድ ነበር። አያቴ በአንገታቸው ክር ላይ ካንጠለጠሉት ወረንጦ አይለዩም። «ልጄ፣ ያንተ ዓይን ብርቱ ነው፤ እስኪ ይህን እሾህ ንቀልልኝ» ይሉኛል። እሾህ የሚሉት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚወጋውን ሽፋሽፍት ነው። እኔም እየነቀልሁ እመረቅ ነበር፤ ደግ የሠራሁም ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቤታችን የነበረችውን አራስ ልትጠይቅ መጣች። ይህ አገልግሎት በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶች እየተመደቡ ቤት ለቤት እንዲያስተምሩ ታስቦ ነው፤ አብዛኛው ድካሙም ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ነው። ስለዚህ ልጅቱ ለአያቴ ብላ የመጣች አልነበረችም። ልትወጣ ስትል ግን ወረንጦውን አየችና «እማማ፣ እስኪ ዓይንዎን ያሳዩኝ» አለች።

አይታም እንዲህ ስትል አስረዳችን፤ «ይህ የዓይን ማዝ ያመጣው ነው። በልጅነት እየተመላለሰ የዓይኑን ቆብ ከውስጥ ያቈስለዋል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ጠባሳው ጸጉሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። የተነቀለው ተመልሶ ስለሚበቅል መንቀል መድኀኒት አይሆንም። የሠለጠነ ነርስ ግን ቆቡን አደንዝዞ በአጭር ጊዜ ያቃናዋል።»

አያቴም «ለእኔ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? ደግሞስ ማን ይዞኝ ይሄዳል?» አሉ። ይህ ሁለተኛው ቃል ለእኔ የተነገረ ነበር። እኔ ግን «ፈተናዬን ልጨርስና» ብዬ ተመለስሁ። ከፈተናው በኋላ ሌላ ምክንያት መጣ፤ እንዲህ ሲሆን ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ በቅሎ ተውሼ ጤና ጣቢያ ስወስዳቸው የቀኝ ዓይናቸው ብሌን በጠባሳ ነጥቶ ነበር። ሕክምናው መውጋቱን ያስቀራል እንጂ የጠፋ ብርሃን አይመልስም። የግራው ዓይን ብቻ ተረፈ። ስንመለስ በመንገድ ላይ መረቁኝ፤ ያ ምርቃት ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ወጣት ሆይ! የዓይን ማዝ ዛሬም ከዐማራ ክልል ገጠር አልጠፋም፤ የደም ግፊትም ድምፅ ሳያሰማ ብዙ አረጋውያንን ይጎዳል። ጤና ጣቢያ ቢሠራ፣ ሠራተኛም ቢመደብ፣ የሚመራው እጅ ላጣ ሽማግሌ ቅርቡ ሁሉ ሩቅ አገር ነው። ስለዚህ አያትህን ከመሰናበትህ በፊት «ዓይንዎ እንዴት ነው? መድኀኒትዎ አላለቀም? የጤና መድን ደብተርዎ ታድሷል?» ብለህ ጠይቅ። መሄድ ካለባቸውም ነገ አትበል።

ጉልበት መሳም መልካም ነው፤ ጉልበት ሲደክም እጅ መያዝ ግን ይበልጣል።