የሦስት ከመቶዋ ላም

ስልኩ የጮኸው ሰውየው ከሥራ ተመልሶ ከላምበርትሴተር የባቡር ጣቢያ ሲወጣ ነው። መጋቢት ነበር፤ በረዶው በየዛፉ ሥር ገና አልቀለጠም። ታላቅ እኅቱ ከደብረ ብርሃን ዳርቻ ነበረች። እንደ ወትሮዋ ስለ ልጆቹና ስለ ብርዱ አልጠየቀችም።

«ላሚቱ ጨነገፈች» አለችው። «ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር።»

ላሚቱ በወጉ ላም አልሆነችም፤ ከአራት ወር በፊት እሱ በላከው ገንዘብ በደላላ በኩል የተገዛች፣ ያረገዘች ዲቃላ ጊደር ናት። ያረገዘች መሆኗ ዋጋዋን አስወድዶታል። እኅቱ ግን ወተቱ ቶሎ ይደርሳል ብላ ስለ ዋጋው አልተከራከረችም። የልጇን የትምህርት ቤት ወጪ በወተቱ ልትሸፍን ሐሳብ ነበራት።

«እትዬ፣ ሐኪም አይቷታል?»

«የወረዳው ባለሙያ ደም ቀድቶ ሄዷል። ጎረቤቱ ሁሉ ውጤቱ ሳይመጣ ሽጪያት ይለኛል።»

«እንግዴ ልጁንስ ማን አወጣው?»

«እኔው ነኛ፣ በእጄ። ሌላ ማን አለና!»

ሰውየው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው የሚሠራው። የአንዲት አሮጊት አልጋ ለማንጠፍ እንኳ ጓንት ያጠልቃል። ከጣቢያው እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ ሲሄድ ከላሚቱ ይልቅ ያሰበው የእኅቱን እጆች ነው።

በዚህ ጊዜ ላሞችን ከሚያስጨነግፉ ምክንያቶች መካከል ቀድሞ የሚጠረጠረው ብሩሴሎሲስ ነው። ስሙን ያገኘው በ1887 በማልታ ደሴት ከሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርሙን ከለየው ከዴቪድ ብሩስ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የከብቶቹን ዝርያ ደግሞ ከዐሥር ዓመት በኋላ ዴንማርካዊው የእንስሳት ሐኪም በርንሃርድ ባንግ ለየው። ጀርሙ የላም ማሕፀን ውስጥ ኤሪትሪቶል የሚባል ስኳር ስለሚያገኝ በእርግዝና ጊዜ እንደ ልቡ ይራባል። ጽንሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው ወር ወዲህ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር አሳሳች ነው፤ ያቺው ላም በሚቀጥለው ጊዜ ደኅና ጥጃ ልትወልድ ትችላለች። ባለቤቷም «ዳነች» ይላል፤ ላሚቱ ግን በወተቷና በምትወልድበት ጊዜ በሚወጣው ፈሳሽ ጀርሙን መርጨቷን ትቀጥላለች። ሌሎቹ ከብቶች የወደቀውን ሲያሸቱ፣ የረጠበውን ሣር ሲግጡ ይይዛቸዋል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በኮርማ ያመካኛል፤ ዋናው መንገድ ግን አፍ ነው።

ሰውየው ያን ሌሊት በስልኩ የኢትዮጵያን ጥናቶች ሲያገላብጥ መጀመሪያ ያገኘው የሚያጽናና ነገር ነበር። በ2007 በትግራይ፣ በ2009 በመካከለኛው ኦሮሚያ፣ በ2010 በጅማ የታተሙት ጥናቶች ሁሉ በደም ምርመራ የተገኘባቸውን ከብቶች ከመቶ 3 አካባቢ ያደርሷቸዋል። በ2014 ካሳሁን አስማረና ባልደረቦቹ የቀደሙትን ጥናቶች አንድ ላይ አጠናቅረው ስለ ወተት ከብቶች ያወጡት ግምትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሦስት ከመቶ! ወባና ሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ቁጥር የማንንም ሚኒስትር እንቅልፍ አይነሣም።

ነገር ግን አማካይ ቁጥር ይሸፍናል። በ2008 በሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ፣ በውጫሌ ጅዳ ወረዳ በአነስተኛ አርቢዎች ከብቶች ላይ የታተመ ጥናት 11 ከመቶ ገደማ አግኝቷል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን በ2011 የታተመው የበቀለ መገርሳና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከ177 መንጋዎች የ1,623 ከብቶች ደም ተመርምሮ 3.5 ከመቶው ተገኘበት። በመንጋ ደረጃ ሲታይ ግን ቢያንስ አንድ በሽተኛ የተገኘባቸው መንጋዎች 26.1 ከመቶ ሆኑ። ከአራት መንጋ አንዱ ማለት ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም፤ በግርድፉ ቢሰሉ ይልቁንም አንድ ነገር ይናገራሉ። ከ1,623 ውስጥ 3.5 ከመቶ 57 ገደማ ከብት ነው፤ ከ177 ውስጥ 26.1 ከመቶ ደግሞ 46 መንጋ። ስለዚህ በአንድ የተያዘ መንጋ ውስጥ የተገኘው በሽተኛ ከአንድ እምብዛም አይበልጥም። በሽታው በጥቂት ቤቶች ተከማችቶ የተቀመጠ እሳት አይደለም፤ በብዙ ቤቶች የተበተነ ፍም ነው። የተከማቸ ቢሆን ኖሮ ጥቂት በረቶችን ዘግቶ መገላገል ይቻል ነበር። የተበተነውን ለማግኘት የሁሉንም በር ማንኳኳት፣ አለዚያም ከብት ከቤት ወደ ቤት የሚሄድበትን መንገድ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሽታውን የሚያባብሱት ነገሮችም ወደዚያው ያመለክታሉ። የከብቱ ዕድሜ መግፋትና የመንጋው መብዛት ይታወቃሉ፤ በበቀለ ጥናት ከብትን ከፍየል፣ ከበግና ከግመል ጋር ማርባትም ጎልቶ ታይቷል። ከዚያ በተረፈ ከማይታወቅ መንጋ ከብት መግዛት አለ፤ ከገዙም ያረገዘች መግዛት። የሰውየው እኅት ዋጋ ጨምራ የገዛችው እርግዝናዋን ነበር፤ ምናልባት ዋጋ ጨምራ የገዛችው አደጋውንም ነው።

ምናልባት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው መስክ የምትግጥ የጎረቤት ላም አምና ጨንግፋለች። በሽታው ከገበያ ወደ መስኩ ይምጣ ወይስ ከመስኩ ወደ ጊደሯ ይግባ፣ የሚያውቅ የለም። የጎረቤቲቱን ላም ደም የቀዳ የለምና፤ ባለቤቷ አላስነካም አለች።

ሳምንት ካለፈ በኋላ የጊደሯ የመጀመሪያ ምርመራ «አለባት» የሚል መልስ ይዞ መጣ። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ምርመራ ነው፤ ቀላልና ርካሽ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚታይ። ግን ለይቶ ማጣሪያ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም። አንድ ሺህ ከብት አለ እንበል፣ 30ዎቹ በሽተኞች። ምርመራው ከበሽተኞቹ ከመቶ 90 ቢይዝ 27 ያገኛል፤ ከጤነኞቹ ሁለት ከመቶውን ብቻ በስሕተት ቢወነጅል ደግሞ 19 ጤነኛ ከብት አብሮ ይከሰሳል። «አለባት» ከተባሉት 46 ውስጥ 19ኙ ንጹሓን ናቸው። በሽታው ባነሰ ቁጥር የስሕተቱ ድርሻ ይገዝፋል። ሁለተኛ፣ የረቀቀ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ናሙናውም ለዚሁ ወደ ሰበታ ተላከ።

ናሙናው ሰበታ ሳለ አንድ ገዢ መጣ። ከሌላ ወረዳ የመጣ፣ ስለ ደም ምርመራው ያልሰማ ሰው ነው። እኅቱ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ዋጋዋን ይዞ መጥቷል። ምን ልበለው?»

«እትዬ፣ እንደ ታመመች ነግረሽዋል?»

«ብነግረውማ መች ይገዛኛል!»

ለረጅም ጊዜ ሁለቱም ዝም አሉ። ሴትዮዋ ጠዋት ማታ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም፣ በሚዛን ሰው የማትበድል ናት። ጥያቄው የሥነ ምግባር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስልክ አትደውልም ነበር። ምርመራው የሰጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገዢው የሌለው ዕውቀት። ላሚቱን ብታስቀር ኪሳራው የእሷ፣ ብትሸጣት የሌላ ሰው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ነገር ደብረ ብርሃን ዳርቻ ላይ በአራት እግሩ ቆሟል። ካሣ በሌለበት የሚደረግ ምርመራ የታመመችውን ላም ከምታውቀው እጅ አውጥቶ ወደማያውቅ እጅ ይልካታል። ምርመራን ብቻውን እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ የልማት ሰነዶች ይህን አያዩም፤ እንዲህ ያለው ምርመራ ባይኖር ይሻላል ማለት የሚያስደፍርባቸው ቦታዎች አሉ።

ሰውየው የሚኖርበት ሰፈር ስም ራሱ የወተት ስም ነው። በኖርዌጂያንኛ «ሴተር» በሞቃቱ ወራት ከብት የሚወጣበት፣ ወተት ታልቦ ቅቤና አይብ የሚሠራበት የግጦሽ ስፍራ ነው። ላምበርትሴተር በ1950ዎቹ በእርሻ መሬት ላይ የተሠራ የአገሪቱ የመጀመሪያው የሳተላይት ከተማ ሲሆን፣ የኦስሎ የመጀመሪያው የምድር ባቡር መስመርም በ1966 የተከፈተው በዚሁ በኩል ነው። ሕንጻዎቹ በሚነሡበት በዚያው ዐሥር ዓመት፣ በ1953፣ ኖርዌይ ብሩሴሎሲስን ከላሞቿ አጠፋች። ዛሬ በሰፈሩ የገበያ አዳራሽ ወተት የሚያነሣ ሰው ስለ ነገሩ አንድም ጊዜ አስቦ አያውቅም። የሚገርመው፣ ካሳሁንና በቀለ ሥራቸውን የሠሩት ከኦስሎው የኖርዌይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ጋር ተባብረው መሆኑ ነው። ስለ ሸዋና ስለ ቦረና ላሞች የሚናገረው ዕውቀት በከፊል ከሰውየው ቤት በባቡርና በትራም በሚደረስበት ሰፈር ተተንትኗል።

ኖርዌይን ወይም ዴንማርክን አይቶ «እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው» ማለት ይቀላል። አሜሪካ ግን ዘመቻዋን የጀመረችው በ1934፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መካከል ነው። ድርቅ ነበር፤ መኖ ጠፍቶ የከብቱን ቁጥር መቀነስ ግድ ሆነ። መንግሥትም ከብት መቀነሱ ካልቀረ የታመሙት ይቅደሙ ብሎ ለባለቤቶቹ ካሣ መክፈል ጀመረ። የእንስሳት ጤና ፖሊሲ በድርቅ ዕርዳታ ካባ ተሸፍኖ ገባ። ድርቅ በየጊዜው በሚመላለስባትና ከብት በውኃ ጥም እስኪወድቅ በሚጠበቅባት ኢትዮጵያ ይህ የተረሳ ታሪክ ከብዙ የሥልጠና ሰነድ የሚበልጥ ትምህርት አለው።

ካሣውም ሰው እንደሚፈራው የላሚቱ ሙሉ ዋጋ አይደለም። የታመመች ላም ጡቷ፣ ማሕፀኗና ዕጢዎቿ በባለሙያ ተወግደው ሥጋዋ በደንብ በስሎ ሊበላ ይችላል (ለጥሬ ሥጋ ግን አትሆንም፤ ይህን በሸዋ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ይታወቃል)። ስለዚህ መሸፈን ያለበት በወተት ላም ዋጋና በሥጋ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። 70 ሚሊዮን ለሚደርሰው የአገሪቱ ከብት ሁሉ ይህን ማድረግ አይታሰብም። በከተሞች ዙሪያ ላሉት የወተት መንጋዎች ግን ይታሰባል። እዚያ ከብቱ ጥቂት፣ ዋጋው ውድ፣ ወተቱም ለብዙ አፍ የሚደርስ ነው። ሦስት ከመቶ ትንሽ ቁጥር መሆኑ ቸል ለማለት ምክንያት ሆኖ ኖሯል፤ ይህ ቁጥር ግን ሥራው ገና በአቅም ውስጥ እንዳለ ነው የሚያሳየው። ለቀሪው የአርብቶ አደር መንጋ የሚሻለው ጊደሮችን በልጅነታቸው መከተብ ይሆናል፤ ክትባቱ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓለም ላይ አለ።

እኅቱ ገዢውን መለሰችው። የመለሰችው ወንድሟ «ልዩነቱን እኔ እልካለሁ» ስላላት ነው። የሰበታው መልስ የመጀመሪያውን አጸና፤ ጊደሯም ታረደች።

በዚያ መካከል ሴትዮዋ ራሷ ታመመች። ማታ ማታ እያላባት ጠዋት ይተዋት ነበር፤ ወገቧን ይቆረጥማት ጀመር። «ብርድ ነው» ትል ነበር። በአንድ ጤና ተቋም የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጣት፤ አልተሻላትም። ስለ ላሚቱ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እሷም ላም ለሰው ሐኪም የሚነገር ነገር ነው ብላ አላሰበችም። ወንድሟ ጨቅጭቆ ሌላ ቦታ ካስመረመራት በኋላ ነው ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለስድስት ሳምንት የታዘዙላት። አራተኛው ሳምንት ላይ ላቡ ቆሞላታል።

ባለፈው እሑድ ሰውየው ሲደውልላት ጎረቤቲቱ አጠገቧ ቡና እየጠጣች ነበር። የአምናዋ ጨንጋፊ ላም ዘንድሮም ከብዳለች፣ ደሟ እስካሁን አልተቀዳም። እኅቱ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ ሳቀች።

«ወንድምሽ የኔንም ላም ይገዛ እንደሆን ጠይቂልኝ፣ ያኔ አስመረምራታለሁ ትልሃለች።»