ግጦሽ የለመደ ዓሣ

«የኛ ታንግ የሰጠነውን ሁሉ ይበላል፤ ታዲያ ለምን ይከሳል?» ዱባይ ውስጥ የቤትና የቢሮ የባሕር ውኃ አኳሪየም እየተንከባከብኩ ስለምኖር፣ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይህ ይበዛል። በውስጥ መስመር አንድ በአንድ ከምመልስ እዚሁ በሰፊው ልጻፈው። ረዘመ ብላችሁ አትለፉት፤ በስንት ውጣ ውረድ ከባሕር ወጥቶ ቤታችሁ የገባ ፍጡር ነው።

በመጀመሪያ፣ ዓሣ ተስገብግቦ ስለበላ ብቻ ምግቡ ተስማማው ማለት አይደለም። ለታንግ፣ ማለትም አልጌ እየጋጠ ለሚኖረው የባሕር ዓሣ፣ ሽሪምፕ ብትጥሉለት አልጌውን ትቶ ይሻማል። አፉ ይወደዋል፤ አንጀቱ ግን የተሠራው ለሌላ ነገር ነው።

ከታንግ ወገን ሶሃልን እንውሰድ። ከምጽዋና ከዳህላክ አንሥቶ እስከ ኤይላት ድረስ ቀይ ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ ከአፉ እስከ ጅራቱ በቀጫጭን መስመሮች የተሸነተረ፣ ጅራቱ ሥር ብርቱካናማ ስለት ያለው ውብ ዓሣ ነው። ሞገድ የሚሰበርበትን የሪፍ (የኮራል ድንጋይ) ጠርዝ ይይዝና ሌላ ጋጭ ሲጠጋ እያባረረ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አጭር አልጌ ሲነጭ ይውላል። አንድ ጊዜ የሚነጨው ትንሽ ነው፤ ከዚያም የሚያገኘው ኃይል ስስ ነው። ስለዚህ አንጀቱ ከቁመቱ እጥፍ ድርብ ይረዝማል፤ ቀኑን ሙሉ ምግብ እንዲያልፍበት እንጂ ባዶውን እንዲውል አልተሠራም። ይህን ዓሣ ጠዋት አንድ ቁንጥር፣ ማታ አንድ ቁንጥር እየሰጡ ማኖር ከንጋት እስከ ምሽት ማስራብ ነው፤ ቁንጥሩ የቱንም ያህል ውድ ምግብ ቢሆን።

አንጀቱ ውስጥም ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች ከቀይ ባሕር በተያዘ አንድ የዚሁ ወገን ዓሣ አንጀት ውስጥ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ነጠላ ሕዋስ አገኙ። መጠኑ ስላስገረማቸው መጀመሪያ ባክቴሪያ ነው አላሉትም፤ ባክቴሪያ መሆኑ የተረጋገጠው በ1993 ነው። ኤፑሎፒሺየም ይባላል፤ የአልጌው ምግብ ሲፈጭ ድርሻ እንዳለው ይታመናል። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ታንግን የማየው ማኅበር ይዞ እንደሚኖር ፍጡር ነው። የምንሰጠው ምግብ ለእሱም ለነዋሪዎቹም ነው።

እና ምን እንስጥ? ከሁሉ ቀላሉ ኖሪ ነው፤ ሱሺ የሚጠቀለልበት የደረቀ የባሕር አረም። ማሸጊያውን ገልብጣችሁ አንብቡ፦ ዘይት፣ ጨው፣ አኩሪ አተር፣ ማጣፈጫ ካለበት መልሱት። ንጹሕ አልጌ ብቻ ይሁን። (ኖሪ ዛሬ እንዲህ በየሱቁ የተትረፈረፈው ካትሊን ድሩ ቤከር የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1949 የዚህን አረም ወገን የሕይወት ዑደት ስለፈታችው ነው። ከዚያ በፊት የጃፓን አምራቾች ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። ዓሣዎቻችንም ባለውለታዋ ናቸው።)

አሰጣጡም ቁም ነገር አለው። ኖሪውን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ በመስተዋቱ ላይ በሚጣበቅ መቆንጠጫ ያዙት፤ ለአዲስና ለዓይን አፋር ዓሣ ደግሞ በላስቲክ ድንጋይ ላይ እሰሩለት፤ እሱ የሚያውቀው ምግብ ድንጋይ ላይ የበቀለ ነውና። ቀርባችሁ አፋቸውን ተመልከቱ። ሐምራዊው የቀይ ባሕር ታንግ ሾጣጣ አፉን እጥፋቱ መሃል አስገብቶ በስሱ ይለቅማል። ሶሃል ነክሶ፣ አንገቱን ወዝውዞ፣ ቀዶ ይሄዳል። ከሰዓታት በኋላ የተረፈውን አውጡት፤ በስብሶ ናይትሬት ይሆንባችኋል። ከዚያ አዲስ ተኩለት።

ኮሌ ታንግ የሚባሉት ግን ይለያሉ። ጥርሳቸው ቀጫጭንና ብዙ፣ ለመጥረግ እንጂ ለመቅደድ የማይሆን ነው። የሚበሉት ድንጋይ ላይ የተኛውን ስስ ሽፋን፣ ዝቃጩንና ጥቃቅን አልጌውን ነው። «አልጌ ያጸዳልኛል» ተብሎ የሚገዛው ብሌኒም እንዲሁ ነው። አዲስ፣ መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ሆዱ ተጣብቆ የሚሞተው ለዚህ ነው። የጀርባውንና የጎኑን መስተዋት አትፋቁት! አረንጓዴው ይቆይ። እንግዳ ቢያይና ቆሸሸ ቢላችሁ የዓሣዬ ማዕድ ነው በሉት።

ስለ ጓዳ አትክልት ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ሰላጣ አብዛኛው ውኃ ነው። ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሊክ አሲድ አለባቸው። ዝኩኒ አይጎዳም፤ ግን በእሱ ብቻ አይኖርም። የባሕር አልጌ ስኳሩና አሰሩ ከየብስ ተክል የተለየ ነው፤ የዓሣው አንጀት የለመደውም ያንን ነው። ከባሕር የሚገኙት ረጃጅም የኦሜጋ 3 ስቦች ቆስጣ ውስጥ የሉም፤ አዮዲንም በቂ አይገኝም። የአዮዲን እጥረት ምን እንደሚያደርግ እንቅርት የሚያውቅ የደጋ ሰው አይነገረውም፤ አኳሪየም ውስጥ የሚኖሩ ሻርኮችም ያው እንቅርት ይወጣባቸዋል። ኖሪ ያለቀ ቀን ፈላ ባለ ውኃ የተዘፈዘፈ ቅጠል ስጡ፣ ነገ ግን ኖሪ ግዙ።

ስፒሩሊናን ለየት አድርጌ ላንሣው፤ አገራችን አለና። ቢሾፍቱ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘበት ቀለም፣ የጪቱ ሐይቅም አረንጓዴነት፣ ይኸው ነው። ከደረቀ በኋላ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን የጨዋማ ሐይቅ እንጂ የሪፍ ፍሬ አይደለም፤ ያልኳችሁ የባሕር ኦሜጋ 3 የለውም። ሌላም ችግር አለ፦ ጣሳው ፊት ላይ በትልቁ «ስፒሩሊና» ተጽፎ፣ ከኋላ ሲነበብ መጀመሪያ የሚመጣው የዓሣ ዱቄት፣ ቀጥሎ ስንዴ፣ ስፒሩሊናው ከሥር። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተመልከቱ። ትንሹን ጣሳ ግዙ፤ ከተከፈተ በኋላ ቫይታሚን ሲው እየጠፋ ይሄዳል።

ሥጋ ፈጽሞ አትስጡ አልልም። ባሕር ውስጥም ከአልጌው ጋር ጥቃቅን ነፍሳት ይዋጣሉ፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ ትንሽ ማይሲስ ሽሪምፕ አይጎዳም። የበሬ ልብ ፈጭቶ መስጠት የሚባለውን የድሮ ልማድ ግን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት። የየብስ እንስሳ ስብ ለዚህ ዓሣ አይደለም፤ ጉበቱ ላይ ይከማቻል።

መክሳቱን ለማወቅ ሆዱን ብቻ አትዩ፤ ሆድ ከአንድ ማዕድ በኋላ ይነፋል። ከፊት ለፊት ሆናችሁ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለውን ጀርባውን እዩ፤ እዚያ ከሰረጎደ ረሃቡ የቆየ ነው። ፊቱና የጎኑ መስመር ላይ ጎድጎድ ያሉ ቁስሎች ከወጡ አመጋገቡን መርምሩ፤ ፊልተራችሁ ውስጥ ያለውን ከሰልም ጭምር። በ2011 የታተመ ሙከራ ከሊግናይት የተሠራ አክቲቭ ካርበን ብቻውን ያንን ሕመም በታንግ ወገን ላይ እንደሚያመጣ አሳይቷል። ምግቡን አስተካክላችሁ ካልዳነ ከሰሉን አውጡት።

ቦታ ያላችሁ አልጌውን ራሳችሁ አብቅሉ፤ አልቫና ግራሲላሪያ በብርሃን ሥር በቀላሉ ያድጋሉ። ካውለርፓን ግን ተጠንቀቁ። አንዱ ዝርያው በ1984 ሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር ሜዲትራኒያን ውስጥ ታየና የባሕሩን ወለል በሰፊው ሸፈነ፤ በ2000 ካሊፎርኒያ ደረሰ። ለመስፋፋት አንድ ቁራጭ ይበቃዋል። የተረፋችሁን አድርቃችሁ ጣሉ፤ ወደ ባሕርም ወደ ቦይም አትልቀቁ። የጋጭ ዓሣም ነገር እንደዚያው ነው። እዚህ ገልፍ ገበያ ላይ «ሳፊ» እያልን የምንገዛው ዓሣ ዘመዶች በ1869 በተከፈተው የሱዌዝ ቦይ አልፈው ሜዲትራኒያን ገቡና በምሥራቁ ዳርቻ ስንት ድንጋይ ራቁቱን አስቀሩ።

አሁን ደስ የሚል ነገር አለ። የሃዋዩ ቢጫ ታንግ በ2015 ኦሺያኒክ ኢንስቲትዩት ውስጥ ከእንቁላል ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ አደገ፤ ዛሬ እንደዚያ ያደገ መግዛት ይቻላል። ሪፍ አይቶ ስለማያውቅ እንክብል ምግብን አይፈራም፤ አንጀቱ ግን ያው የአባቶቹ ነው፤ ኖሪው አይቅርበት። እሱንም ሆነ ከባሕር የመጣውን ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ፊታችሁ አልጌ እንዲሰጠው ጠይቁ። ከነጨ ውሰዱት። ካልነጨ ቀብድ ስጡና መንጨት እስኪጀምር እዚያው ይቆይላችሁ።