በረኛ የሌለው ደጅ

ሌሊቱ ተጋምሷል። ቤተሰቡ ተኝቷል፤ ከአንዱ ብርድ ልብስ ሥር ግን መዳፍ የምታህል ብርሃን አልጠፋችም። ባለ ስልኩ ወጣት መምህር ነው። ለአምስት ደቂቃ ብሎ የከፈተው የራቁት ትርዒት ሁለት ሰዓት ሙሉ ወስዶበታል። ነገ በማለዳ ከተማሪዎቹ ፊት የሚቆመው «በሽተኛ ሆንኩ እንዴ?» የሚል ለማንም ሊነግረው የማይደፍረውን ጥያቄ በልቡ ይዞ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ በየከተማው አለ።

በቀድሞው ጊዜ የተከለከለ ሥዕል ለማየት የሚሻ ሰው መንገድ ነበረበት። ከመጽሔት ሻጩ ጋር ዓይን ለዓይን መገጣጠም፣ ቪዲዮ ቤት ሲገባም ጎረቤት እንዳያየው ግራና ቀኝ መገላመጥ ግድ ይለው ነበር። ይሉኝታ በረኛው ነበር። ይህ በረኛ ጥበበኛ ነበር ለማለት አይደለም፤ ስንቱን ያለ ጥፋቱ አሸማቋል፤ ሊጠየቅ የሚገባውንም ስንት ጥያቄ አፍኖ አስቀርቷል። ሆኖም በፍላጎትና በፍጻሜው መካከል ጥቂት ጊዜ ያኖር ነበር፤ በዚያች ጊዜ ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። የዲጂታሉ ቴክኒክ ፍላጎትን አልፈጠረም፤ ያነሣው ይህችን ጊዜ ነው። አንዱ ትርዒት ሳያልቅ ሌላው ተሰናድቶ ይጠብቃል፤ ነጋዴው የሚያተርፈው ተመልካቹ በቆየ መጠን ነውና።

ሐኪሞችም በየዘመናቸው በዚህ ደጅ ላይ ቆመዋል። የሎዛኑ ሐኪም ቲሶ እ.ኤ.አ. በ1760 ባሳተመው መጽሐፍ ራስን በራስ ማርካት ዓይንን ያፈዛል፣ ነርቭን ያደክማል፣ ሰውነትን ያመነምናል ሲል ጻፈ። ሐሰት ነበር፤ ነገር ግን ትውልዶችን አስፈራ። በ1886 ክራፍት ኤቢንግ ስለ ወሲብ መታወክ የታወቀውን መጽሐፉን ሲያወጣ፣ ተራው አንባቢ እንዳይረዳቸው ብሎ ገላጭ የሆኑትን ክፍሎች በላቲን ጻፋቸው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ዛሬ በአንድ ጣት ንክኪ ከንቱ መሆኑን ቢያይ ምን ይል ነበር!

የዘመናችን ክርክር ከዚህ ይለያል። በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከመጠን ያለፈ ወሲባዊነትን በበሽታ መዝገቡ እንዲያሰፍር ቀርቦለት የነበረውን ሐሳብ ሳይቀበል ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ሰው ሊገታው የተሳነውን ወሲባዊ ግፊት እንደ መታወክ መዘገበ። የሚያስገርመው የተመደበበት ቦታ ነው። ቁማርና የዲጂታል ጨዋታ ከሱስ ወገን ሲቈጠሩ፣ ይህኛው እሳት የመለኮስና የመስረቅ ግፊት ካሉበት ምድብ ገባ። ሰዉ በየአፉ «ሱስ» ቢለውም መዝገቡ እስካሁን አላለውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መዝገቡ ያኖረው ወሰን ነው። መታወክ ለመባል ግፊቱን መቈጣጠር አለመቻሉ ስድስት ወር ለሚያህል ወይም ለሚበልጥ ረጅም ጊዜ የቆየ፣ ኑሮንም የጎዳ ወይም ብርቱ ጭንቀት ያስከተለ መሆን ይኖርበታል፤ ጭንቀቱ ከሞራል ፍርድና ከኀፍረት ብቻ የመነጨ ከሆነ ግን አይበቃም። እንግዲህ ጥቂት አይቶ በጸጸት የሚቃጠል ሰው ራሱን በሽተኛ ሊል ይችላል፤ በአንጻሩ ሥራውን፣ ትዳሩንና እንቅልፉን ያጣው ሰው ስለሚያፍር ብቻ ከሐኪም ደጅ ሳይደርስ ይቀራል። አንዱን ያለ ሕመሙ የሚያስተኛው፣ ሌላውን ከነሕመሙ የሚደብቀው ያው ኀፍረት ነው።

ወጣቱ መምህር አንድ ቀን ደፍሮ ሐኪም ፊት ተቀመጠ እንበል። ሐኪሙ ስንት ሰዓት እንዳየ ብቻ ከጠየቀው፣ አንገቱን ደፍቶ ቍጥር ይናገራል። ምን ቀረብህ ብሎ ከጠየቀው ግን ማሰብ ይጀምራል፦ ሁለት ሳምንት ሳይታረም የተከመረው የፈተና ወረቀት፣ አመመኝ ብሎ የቀረበት የወንድሙ ልጅ ክርስትና፣ እጮኛው ስትደውል ሳያነሣው የቀረው ስልክ፤ ያውም ያው ስልክ፣ በእጁ እያለ።