በሞተር ሳይክል ወደ ጓሳ

በቅሎ መንገድ ታውቃለች። ገደል ስታይ ትቆማለች። ሲመሽ ሣር ትግጣለች፤ ውሃ ትጠጣለች፤ ጧት ጉዞዋን ትቀጥላለች። ሞተር ሳይክል ግን እንዲህ አይደለም። ገደሉን የሚያይለት ሰው ነው። ቤንዚን ሲያልቅበት እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ስለዚህ ብቻውን በሞተር ሳይክል ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ማሰብ አለበት።

በ2003 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ወደ መንዝ ሄድሁ። የሄድሁት የጓሳን ምድር ለማየት ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ብርዳም ደጋ ነው። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

የቤንዚኑ ሂሳብ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ አያስቸግርም። ጣርማ በር ሲደረስ ግን አስፋልቱን ትቶ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ያን ጊዜ ከዚያ ወዲያ የነበረው ጠጠር፣ አቧራና ጭቃ ነው።

በደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ሂሳብ ሠራሁ። መሐል ሜዳ ደርሶ ወደ ደብረ ብርሃን ለመመለስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞተሬ በ1 ሊትር 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 300 ለ30 ሲካፈል 10 ሊትር ይሆናል። ነገር ግን ዳገትና ጭቃ ቤንዚን ይበላሉ። ስለዚህ 10 ሊትር በታንከሩ፣ 5 ሊትር በጀሪካን ያዝሁ። ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ አንድ ካንዴላና የካቴና ዘይትም ጨመርሁ። ለራሴ ቆሎና ውሃ ያዝሁ።

ሞተርም ይደክመዋል

የጓሳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። የቆላ ሰው ወደ ደጋ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። ቤንዚኑ የሚነድደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በቆላ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውን ዳገት እዚያ በአንደኛ ያቃስተዋል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጉም ወረደ። ከፊት ጎማዬ ወዲያ የሚታየኝ ነገር ጠፋ። በስተ ቀኝ በኩል ምድሩ ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ ገደል እንዳለ አውቃለሁ። ሞተሩን አጠፋሁና ቆምሁ። ድምፁ ሲጠፋ የበግ ጩኸት ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ በርኖስ ደርበው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ።

«አባቴ፣ መንገዱ በየት ነው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ጉም እንግዳ ነው፤ ተቀምጦ አይከርምም። እስኪያልፍ ቁጭ በል» አሉኝ። ቆሎዬን አካፍያቸው አብረን ተቀመጥን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉሙ ተገፈፈ። ገደሉ ከተቀመጥንበት ሃያ እርምጃ አይሆንም ነበር።

የሣሩ ሕግ

ወደፊት ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ረግረግ ሆነ። ከጎኑ የጓሳ ሣር ተኝቷል። በሣሩ ላይ ቢነዱ ጭቃው አይነካም። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ዘረጉ። «በሣሩ አይኬድም። አንድ ጎማ ያለፈበትን ሌላው ይከተለዋል። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባበታል። ቦይ ይሆናል፤ ከዚያም ይሸረሸራል» አሉኝ። ሁለት እረኞች ጠሩልኝ። ሦስት ሆነን ሞተሩን በጭቃው ውስጥ ገፋነው።

የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው ብዙ ነገር ነው። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። በድርቅ ጊዜ ለከብት መኖ ይሆናል። የጥንት አባቶች ይህን አውቀው «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት አቁመው ነበር። በዚህ ሥርዓት የጓሳ ምድር ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ሁሉም በአንድነት ያጭዳል። ይህ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ቆየ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ቀረ። ምድሩም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ መክሮ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ጠባቂም አቆመ።

ሣሩ የሚጠቅመው ሰውን ብቻ አይደለም። ሣር ካለ አይጥ አለ። አይጥ ካለ ቀይ ቀበሮ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኙም። ሣሩ የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቅቃል። ከዚያ የሚወርደውም ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሣሩ ላይ የሚያልፍ ጎማ እንግዲህ የሚጎዳው የአንድ ሰው ማሳ ብቻ አይደለም።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሐል ሜዳ ገባሁ። ሞተሩ እስከ ማርሹ ጭቃ ለብሷል። ካቴናውን ጠርጌ ዘይት ቀባሁት። ጀሪካኑን ሳልነካው ደርሻለሁ፤ ለመመለሻ ይበቃኛል።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሁሉን ነገር ጭኖ መሄድ አይችልም። ቤንዚንና ከመነዳሪ ይጫናሉ። የአገሩ እውቀት ግን ያለው በአገሩ ሰው ዘንድ ነው። እሱን ወርዶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሰው አገር ስታልፉ መንገዱን ጠይቁ፤ ደንቡንም አክብሩ።