የኋላው በር ቁልፍ ማታ ማን ጋ ነው?

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምደባው የወጣ ዕለት እናቴ ስልኩን ከእጇ ተቀብላ የዩኒቨርሲቲውን ስም ቀስ ብላ አነበበችና ወደ እኔ ዞረች። «እዚያ ሰላም ነው?» አለችኝ። ስለ ትምህርቱ አልጠየቀችም፤ ስለ ምግቡም ስለ ብርዱም አልጠየቀችም። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ የአገሩን ሁሉ ሁኔታ የማውቅ ይመስላታል። «ሰላም ነው እማ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ላደርሳት አብሬያት ሄድኩ። እሷ ከፕሮክተሯ ፍራሽና የሎከር ቁልፍ እስክትረከብ ድረስ እኔ በብሎኩ ዙሪያ ዞር ዞር አልኩ። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ከኋላ በኩል የብረት በር አለው፤ በሩ በሰንሰለት ታስሮ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። በአጠገቤ የሚያልፈውን ጥበቃ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አልኩት። «ቢሮ መሰለኝ» አለኝ። «ማታስ?» ስለው ሳቀ። «ማታ ማን ይወጣበታል ብለህ ነው!» ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን በፊት ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም፣ ያ ብቻ ነው።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። እንዲህ ያለ በር አውቃለሁ።

በ2004 ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የትኛው ግቢ እንደሆነ አልናገርም፤ ጉዳዩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። አንድ ምሽት ካፌ ውስጥ በሰልፍ ተጀመረ የተባለ ጠብ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የብሔር ጠብ ሆነ። ማን ማንን ቀድሞ እንደመታ ዛሬም በትክክል የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ወደ አራት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ወዲያው ከታች «መጡ! መጡ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እነማን ናቸው? በየት በኩል? የሚያውቅ የለም።

የፊት ለፊቱ በር ላይ ድንጋይ ይዘንባል። ደረጃው በሰው ተጨናነቀ። ወደ ኋላው በር የሮጡት ልጆች በሰንሰለት የታሰረ ብረት ጠበቃቸው። በሩ የታሰረው ንብረት እንዳይሰረቅ ነበር። ቁልፉ ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ጨርሶ ቤቱ የገባ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ የዘለሉ ነበሩ። አንዱ የዶርሜ ልጅ ነው፤ እግሩ ተሰበረ።

እኛን ያተረፈን ፕሮክተራችን ነው። ሃምሳዎቹን የተሻገረ፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራው ሰው። ባትሪውን ይዞ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደ በየበሩ አንኳኳ። «ግቡ። አልጋና ሎከር በሩ ላይ ደግፉ። ከመስኮት ራቁ። የኔን ድምፅ ካልሰማችሁ እንዳትከፍቱ» አለን። ድምፁ አይንቀጠቀጥም ነበር። የእሱን እርጋታ አይተን እኛም ሰው ሆንን።

አንድ ዶርም ውስጥ አሥር ሆነን ታጭቀን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። «ክፈቱልኝ! ስለ ፈጣሪ ክፈቱልኝ!» የሚል ድምፅ ነው። የጋሼ አልነበረም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በሩን ያልከፈትነው ጋሼ ስለከለከለን ብቻ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ በሹክሹክታ «አነጋገሩን ሰማችሁት?» አለ። ሰምተነዋል። የሚለምነው ልጅ አማርኛ የእኛን አይመስልም ነበር። ማንም መልስ አልሰጠም። እኔም አልሰጠሁም። ልጁ ጥቂት አንኳክቶ ተወን፤ ኮቴው ሲርቅ ይሰማኝ ነበር።

ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ አየሁት። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። የክፍሌ ልጅ ነው፤ ሃንዳውት እየተዋዋስን ኮፒ የምናደርግ። እኔን ሲያይ ፈገግ ብሎ ሰላም አለኝ። ከዚያ በር ጀርባ ማን እንደነበረ አያውቅም። ተመርቀን እስክንለያይ ድረስ አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

ከዓመታት በኋላ ለአንድ ዘገባ ወደዚያ ከተማ ስሄድ ጋሼን ፈልጌ አገኘሁት። ጡረታ ወጥቷል። «ያን ሌሊት ያደረጉትን ከየት ተማሩት?» አልኩት። «ከየት እማራለሁ ልጄ? ሥልጠናስ ወስጃለሁ፤ ስለ ንብረት አመዘጋገብ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለና ያላሰብኩትን ነገረኝ። «አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ‹የኔ ድምፅ ካልሆነ አትክፈቱ› አልኳችሁ። እኔ ግን አንድ ሰው ነኝ። ኮሪደር ላይ የቀረውን ልጅ ማን ያስገባዋል ብዬ አላሰብኩም።»

እኔ ስለዚያ በር አልነገርኩትም ነበር። እሱ ግን በራሱ ደርሶበታል። አንድ ደግ ሰው በጨለማ ውስጥ ከራሱ አንቅቶ የሠራው ሥራ ብዙዎቻችንን አተረፈ፤ ቀዳዳም ነበረው። ያንን ቀዳዳ በቀን ብርሃን አስቀድሞ ተቀምጦ የሚደፍን ሰው አልነበረም። እኛም ቀዳዳውን በምን ደፈንነው? በዘር። የምንከተለው ሥርዓት ስላልነበረን ፍርሃት ሥርዓት ሆነን፤ ፍርሃት ደግሞ በዚህ አገር ሰውን የሚለይበት መንገድ ይታወቃል።

በ2012 የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎችና ወላጆች የሰላም ውል እንዲፈርሙ ተደረገ። ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወጡ፤ ፌዴራል ፖሊስ ግቢ ገባ። ውሉ የተፈረመው ከጠቡ በፊት ነው፤ ፖሊስ የሚመጣው ከጠቡ በኋላ ነው። በመካከል ያሉትን ደቂቃዎች የሚይዙት ፕሮክተሩ፣ የበር ጥበቃው፣ የካፌ ሠራተኛዋ፣ የላይብረሪው ተረኛ፣ የማታ ክፍል የሚያስተምረው መምህር ናቸው። እኔ የምጠይቀው ስለነሱ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ትምህርት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በደም ተምራለች። መጋቢት 24 ቀን 2007 ንጋት ላይ የአልሸባብ ታጣቂዎች ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው 148 ሰው ገደሉ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ልዩ ኃይሉ ከናይሮቢ እስኪደርስ ብዙ ሰዓታት አለፉ፤ ጥቃቱ ያበቃው ከመሸ ነው። በነዚያ ሰዓታት ውስጥ ተማሪው ከራሱና ከአጠገቡ ካለው ሰው ሌላ ማንም አልነበረውም።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 4፣ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኪኩዩ ካምፓስ የኤሌክትሪክ መስመር ፈነዳ። ሊነጋጋ ሲል ነበር። የጋሪሳ ወሬ ገና ትኩስ ስለነበረ ተማሪዎቹ ጥቃት መሰላቸው፤ ከፎቅ ዘለሉ። አንድ ተማሪ ሞተ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ተጎዱ። ግቢው ውስጥ አንድም ታጣቂ አልነበረም። «ጥቃት አይደለም፣ መብራት ነው» የሚል አንድ የታወቀ ድምፅ ቢኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳዝናል። ኅዳር 20 ቀን 2008 ናይሮቢ የሚገኘው ስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ ዝግጁነቱን ለመፈተሽ የጥቃት ልምምድ አደረገ። የተኩስ ድምፅ ተሰማ፤ ልምምድ መሆኑን ያላወቁ ሰዎች እውነት መስሏቸው ከመስኮት ዘለሉ። አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሕይወቷ አለፈ። እንግዲህ አለመዘጋጀት ይገድላል፤ በመደንገጥ የሚሠራ ዝግጅትም ይገድላል።

የአሜሪካንም ላንሳ። ሚያዝያ 8 ቀን 1999 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ 32 ሰዎችን ገደለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች የተገደሉት ዶርም ውስጥ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለግቢው ማኅበረሰብ የመጀመሪያውን መልእክት የላከው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ ገዳዩ ግን በዚያው ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሌላ ሕንፃ ገብቶ በሮቹን በሰንሰለት እየቆለፈ ነበር። የመማሪያ ክፍሎቹ ከውስጥ አይቆለፉም። ሊቪዩ ሊብሬስኩ የተባሉ የ76 ዓመት ፕሮፌሰር ተማሪዎቻቸው በመስኮት እስኪወጡ በሩን በሰውነታቸው ደግፈው ይዘው ሞቱ። በሌላ ክፍል ደግሞ ተማሪዎች ጠረጴዛ በሩ ላይ ደግፈው ስለያዙ ገዳዩ መግባት አልቻለም። ጋሼ በጨለማ ያዘዘን ያንኑ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ቁልፍ። የእያንዳንዱ መውጫ ቁልፍ ሌሊት ላይ በተረኛው እጅ ይሁን። ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ ቢሆን ደግሞ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ አንድ ድምፅ። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ለግቢው እውነቱን የሚናገረው ማን ነው? በምን? ባትሪው ያልሞተ አንድ ሜጋፎን ከመቶ የቴሌግራም ወሬ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የበሩ ሥርዓት። ክፍል ከተዘጋ በኋላ ውጪ የቀረውን ማን ያስገባዋል? በየኮሪደሩ ሁለት ሰው አስቀድሞ ይመደብ፣ ከተለያየ አካባቢ የመጡ ይሁኑ። የሚያንኳኳ ሰው በስሙና በዶርም ቁጥሩ ይለይ እንጂ በአነጋገሩ አይለይ። ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ በክራንች የሚሄድ ተማሪ የት ብሎክ እንዳለና ማን እንደሚደርስለት ይታወቅ።

አራተኛ፣ ልምምድ። ቀኑ ለሁሉም ተነግሮ፣ ያለ ተኩስ ድምፅ፣ በእርጋታ። ጽዳት ሠራተኛዋም ፕሬዚዳንቱም ይገኙበት።

ይህን ለሰዎች ሳነሳ የማገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ «ሟርት አታምጣብን» ይላል። ሟርት ቢሆን ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ። ሌላው ደግሞ «እኔ መምህር ነኝ፣ ጥበቃ አይደለሁም» ይላል። ልክ ነው፤ ማንም ታጣቂ ይጋፈጥ አላልኩም፤ ሕይወትህን ስጥ የማለት መብትም የለኝም። ደመወዙ የወር ቀለብ በማይሸፍንበት ዘመን ተጨማሪ ሸክም ማለት ምን እንደሆነም ይገባኛል። ግን ሠላሳ ተማሪ ዓይን ዓይንህን ሲያይ አንድ ነገር ማለትህ አይቀርም። የምትለውን ዛሬ ብታውቀው ላንተም ይቀልሃል።

እህቴን ተሰናብቼ ከመመለሴ በፊት ፕሮክተሯን አነጋገርኳቸው። ስለ ኋላው በር ስጠይቃቸው «እኔም በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም» አሉኝ። ስልካቸውን ሰጡኝ፤ እህቴም መዘገበችው። ትናንት ደውዬ ነበር። ቁልፉ አሁንም ቢሮ ነው።

እናቴ ዛሬም «እዚያ ሰላም ነው?» ትለኛለች። ከእናንተ መካከል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትሠሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ የኋላው በር ቁልፍ ማታ ማን ጋ ነው?

ቸር ያሰማን።